ጆንያ አልሆንም ያለው ሶፋ አልባሽ

ሶፋ አልባሹ በሕይወቱ ሁለት ነገር ሲነካበት አይወድም፤ መቀሱንና ያቺን ባቡር። መቀሱን የነካ ይሰደባል። ስለ ባቡሯ ክፉ የተናገረ ግን በግድ ይቀመጥና ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሞተር ይማራል። የሰፈሩ ሰው ብልጥ ስለሆነ መቀሱን መንካት ይመርጣል።

ባቡር ሲባል የዛሬው፣ ድምፁን አጥፍቶ የሚንሸራተተው የኤሌክትሪክ ዕቃ አይደለም። አረንጓዴና ነጣ ያለ ቢጫ የተቀባች፣ አፍንጫዋ ደፍጣጣ፣ በናፍጣ የምትሄድ የድሮ ሎኮሞቲቭ ናት። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች። ቆራርጦ ሊሸጣት ከነበረ የብረት ነጋዴ እጅ ያስጣሏት የአሮጌ ባቡር ወዳጆች ማኅበር ሰዎች ናቸው። እነሱም በዓመት አራት ጊዜ ሁለት ፉርጎ ያስጎትቷታል። ከከተማው ጣቢያ ተነስታ፣ ኮረብታውን ዞራ፣ ሐይቁ ዳር ደርሳ ትመለሳለች። ስትነሳ ሰማዩን ታጠቁራለች፤ ስትቆም ደግሞ ሃዲዱን በዘይት ትቀባለች። ወዳጆቿ «እሜቴ» ይሏታል።

ሶፋ አልባሹ ታዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሜቴን ሲያይ ኖረ እንጂ አንድም ቀን አልተሳፈረባትም። ነገሩ የገንዘብ ወይም የፍርሃት አይደለም፤ የክብር ነው። እሱ፣ ጥርስ ሐኪሙና ጡረተኛው የሒሳብ አስተማሪ ሦስት ሆነው፣ የድንጋዩ ድልድይ አጠገብ ካለው ኩርባ ላይ ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው ይጠብቋታል። ጥርስ ሐኪሙ ክንድ የሚያህል ካሜራ ይደግናል። አስተማሪው ያለፈችበትን ደቂቃ ከነሰከንዱ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ሶፋ አልባሹ ድምፅ ይቀዳል። ባቡሩ ውስጥ ተቀምጠው እጃቸውን የሚያውለበልቡትን ሰዎች ሦስቱም በአንድ ቃል ይጠሯቸዋል፤ «ጆንያ»።

«ጆንያ ምን ያያል?» ይል ነበር ሶፋ አልባሹ። «የፊተኛውን ሰው ማጅራት ነዋ! ባቡር የሚታየው ከውጭ ነው። ሙሽራን ቀሚሷ ውስጥ ገብቶ የሚያይ አለ?»

የቀዳውን ድምፅ ወርክሾፑ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይከፍተዋል። ስፖንጅ እየቆረጠ፣ ጨርቅ እየወጠረ፣ «ስሚው፣ ይሄ ዳገቱን ስትይዘው ነው» ይላል፣ ወንበሯን ልታስጠግን ለመጣች ሴት። አንዲት ደንበኛ ከበር ላይ ቆማ «ውይ፣ ወፍጮ ቤት ከፈትክ እንዴ?» ብላ እህል ልታመጣ ተመልሳለች። እሱ ግን ጆሮውን ያምናል። የሞተሩን ጤና በድምፁ ብቻ እለያለሁ ስለሚል ጓደኞቹ «ዶክተር» የሚል ስም አወጡለት። በዚህ ቅር የተሰኘው ጥርስ ሐኪሙ ብቻ ነው፤ እሱን ማንም ዶክተር ብሎ ጠርቶት አያውቅማ።

ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ልጅ ወደዚህ ዓለም እየጮኸ ሲመጣ በእጇ ተቀብላለች፤ ስለዚህ በቀላሉ የምትደነግጥ ሴት አይደለችም። እሜቴን የምትጠራት «ጣውንቴ» ብላ ነው።

«ጣውንቴ ነገ ትወጣለች መሰለኝ» ትላለች ለሴት ልጇ በስልክ። «ሰውዬው ጺሙን ተላጭቷል።»

እንዲህ ተቻችለው ሲኖሩ፣ የተጋቡበት ሠላሳኛ ዓመት ደረሰ። ሴት ልጃቸው ስትፈራ ስትቸር ፖስታ ይዛ መጣች። ከፖስታው ሁለት ትኬት ወጣ። የእሜቴ ትኬት! ያውም የፊተኛው ፉርጎ፣ ከሞተሩ ቀጥሎ፣ በመስኮት በኩል፣ ጎን ለጎን።

አዋላጇ እልል አለች። ሶፋ አልባሹ ትኬቱን ገልብጦ፣ መልሶ ገልብጦ አየውና ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው፤ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው።

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «ግን እኔ ጆንያ አልሆንም።»

«አባዬ፣ የጋብቻ በዓላችሁ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። እናትሽ ትሂድ። እኔ ኩርባው ላይ ሆኜ ስታልፍ አያታለሁ።»

ልጅቱ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አዋላጇ ግን አልተቆጣችም፤ ስትቆጣ ይሻል ነበር። ፈገግ ብላ ትኬቶቹን ወደ ቦርሳዋ ከተተችና፣ «ጥሩ» አለች። «እኔ ከጣውንቴ ጋር እሄዳለሁ። አንተ ቆመህ እጅህን አውለብልብልን።»

በቀኑ ሶፋ አልባሹ ገና በማለዳ ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ከነፈ። ሚስቱን ጣቢያ ድረስ እንኳ አልሸኘም፤ ጥሩውን ቦታ አስተማሪው ይቀድመኛል ብሎ ነው። ኩርባው ላይ ሲደርስ አስተማሪው ቀድሞት ተቀምጧል። ጥርስ ሐኪሙም ካሜራውን ተክሏል።

እሜቴ ድልድዩን የምታልፈው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሠላሳ አምስት ሆነ። አስተማሪው ሰዓቱን አየ፣ ደብተሩን አየ፣ እንደገና ሰዓቱን አየ።

«ስምንት ደቂቃ ዘገየች» አለ፣ የራሱ ተማሪ እንዳሳፈረው ሁሉ።

ከኮረብታው ጀርባ ድምፅ መጣ። ሦስቱም ተነሱ። ሶፋ አልባሹ መቅጃውን ከፍቶ ዓይኑን ጨፈነ። ድምፁ እየቀረበ፣ እየጎላ መጣ። ከዚያ ድንገት አንዴ አሳላት። ደግሞ አሳላት። ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ገር ገር አለችና ፀጥ።

ወፍ ብቻ ተሰማ።

ሶፋ አልባሹ ዓይኑን ገለጠ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ቱርቦዋ ነው» አለ። «ተቃጥሏል። ባለፈው ጊዜ ፉጨቷ አላማረኝም ብዬ አልነበር?»

«የናፍጣ ፓምፕ ነው» አለ ጥርስ ሐኪሙ።

«አንተ ጥርስህን ንቀል! እኔ ሠላሳ ዓመት ያዳመጥኳትን ነው የምነግርህ።»

ወንበራቸውንና ሞተር ሳይክሉን እዚያው ትተው፣ ከሃዲዱ ጎን ባለችው የእግር መንገድ ተያያዙት። ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ግማሹ ዳገት። ሦስቱ ሰዎች ተደምረው ወደ ሁለት መቶ ዓመት ይጠጋሉና ጉዞው የሚያምር አልነበረም። አስተማሪው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ እንኳ በየኪሎ ሜትሩ ሰዓት ይጽፋል።

ሲደርሱ እሜቴ ዳገቱ ወገብ ላይ ቀጥ ብላለች። የሐዘን ድባብ ጠብቀው ነበር፤ ያገኙት ግን ሌላ ነው። ጆንያዎቹ ሁሉ ወርደው ሣሩ ላይ ተዘርግተዋል። ዳቦ ይቆረሳል፣ የተቀቀለ እንቁላል ይላጣል፣ አንዱ ክራር አውጥቶ ይቃኛል። እንዲህ የሚዝናና ሕዝብ ሶፋ አልባሹ አይቶ አያውቅም። ሚስቱን ፈለገ። ሣሩ ላይ የለችም። ፉርጎው ውስጥ የለችም። ከዚያ ከላይ፣ ከሹፌሩ ክፍል መስኮት ድምጿ መጣ።

«ዋናው ቀጥ አድርገህ መያዝህ ነው። አትንቀሳቀስ፣ ልጅ አይደለህም!»

ሶፋ አልባሹ ቀና ብሎ አየ። ሚስቱ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የመካኒኩን ጣት በፋሻ ትጠቀልላለች። መካኒኩ ሞተሩን ሲከፍት ክዳኑ ጣቱ ላይ ወድቆበት ነው። ሹፌሩ፣ ያ ከንጉሥ በላይ የሚኮራው ወፍራም ሹፌር፣ ሻይ ይዞላት ቆሟል።

እዚያ ክፍል ውስጥ አንዴ ለመግባት ሶፋ አልባሹ ለማኅበሩ ስንት ደብዳቤ ጽፏል! «ለደኅንነት ሲባል አይፈቀድም» እየተባለ ነው የተመለሰው። ሚስቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወንበሩንም ሻዩንም ይዛለች።

«መጣህ?» አለችው። «ቆመህ የምታይ መስሎኝ ነበር።»

«የሚቀልድ አንጀት የለኝም። ታማለች።»

ወዲያው የሞተሩን ክፍል በር አስከፈተ። ሸሚዙን ሰብስቦ ጎንበስ አለ፣ ጆሮውን የሞተሩ ብረት ላይ ለጠፈ፣ እጁን አንስቶ ሰዉን ሁሉ ዝም አሰኘ። ክራሩ እንኳ ቆመ። የቆመ ሞተር ምን እንደሚል የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ሰማ፣ ሰማ፣ ቀና ብሎም ራሱን ነቀነቀ።

«ቱርቦ» አለ።

«ፓምፕ» አለ ጥርስ ሐኪሙ።

መካኒኩ ጣቱን አቅፎ፣ «ሁለቱም ሊሆን ይችላል» አለ። እሱ ማንም በተናገረው ሁሉ የሚስማማ ሰው ነበር። አንዱን ቧንቧ ፈቱ፣ መልሰው አሰሩ። ሌላውን ፈቱ። የፈቱት ብሎን አንዱ ሣር ውስጥ ገባና ጆንያዎቹ ሁሉ ተንበርክከው ፈለጉት። እንዲህ ሲሉ አንድ ሰዓት አለፈ። ሶፋ አልባሹ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ፣ ስለ ቱርቦ አሠራር ለተሰበሰበው ሕዝብ ሲያስረዳ፣ አዋላጇ ሻይዋን ጨርሳ ስኒውን ለሹፌሩ መለሰችለት።

«ይቅርታ» አለች፣ «ናፍጣ አላት?»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። ከዚያ ሹፌሩ በትዕግሥት ሳቀ፣ ሕፃን ልጅ ጨረቃን አውርዱልኝ ስትል እንደሚሳቀው።

«እትዬ፣ ይኸው ጌጁ። ግማሽ ነው።»

«ጠዋት ስንነሳስ?»

«ግማሽ።»

«ባለፈው ጊዜስ?»

«ግማሽ ነበር» አለ ሹፌሩ በኩራት። «እሷ ናፍጣ አትበላም። ሁልጊዜም ግማሽ ናት።»

አዋላጇ መነጽሯን አወለቀች። «የኔ ወንድም፣ እኛ ዘንድ ሳምንቱን ሙሉ ሙቀቱ ንቅንቅ ያላለ በሽተኛ ካለ ቴርሞሜትሩን ነው የምንጥለው።»

ሹፌሩ ወርዶ፣ ከአጥር ላይ ረጅም እንጨት ነቅሎ፣ የናፍጣ ጋኑን ክዳን ከፍቶ ሰደደው። ታች ድረስ ወረደና ብረቱን ኳ አደረገ። ሲያወጣው ጫፉ ብቻ፣ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል፣ ረጥቧል። እንጨቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ሶፋ አልባሹንም አስሸተተው። ሶፋ አልባሹ ለጥርስ ሐኪሙ አሳለፈለት። እንጨቱ እንዲህ እጅ በእጅ ዞሮ አዋላጇ ዘንድ ሲደርስ እሷ ማሽተት አላስፈለጋትም።

«ይሄ ምጥ አይደለም» አለች። «ረሃብ ነው።»

ሣሩ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ በሳቅ ፈረሰ። ሶፋ አልባሹ ኩም አለ። ሠላሳ ዓመት የሰበሰበው ዝና በአንድ የአጥር እንጨት አለቀ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ መካኒኩ ነበር፤ «እኔም ናፍጣ ሳይሆን አይቀርም ብያለሁ» አለ።

ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ የሚፈለጥበት ቦታ ነበርና አለቃው ሁለት በርሜል ናፍጣ ሰጠ። በርሜሎቹን ግን ዳገቱን ማን ያውጣ? ሹፌሩ ወፍራም ነው፣ መካኒኩ ጣት የለውም። ጆንያዎቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተነሱ፤ ሶፋ አልባሹም አብሯቸው ትከሻውን ሰጠ። አንዲት ባርኔጣ ያደረገች ወይዘሮ ከጎኑ ሆና እየገፋች፣ «እርስዎ የትኛው ፉርጎ ነበሩ?» ብላ ጠየቀችው። ምን ይበላት? «እኔ ከውጭ ነኝ» አላት። ይህን ሲል እግሩ አዳለጠው፤ በርሜሉ ወደ ኋላ ተንከባለለና ክዳኑ ሾልኮ ከደረቱ እስከ ካልሲው ናፍጣ አጠጣው።

ጋኑ ውስጥ ናፍጣው ተገለበጠ። ቧንቧ ውስጥ የገባውን አየር ለማስወጣት በእጅ ፓምፕ ሲገፋ ሌላ ግማሽ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ እሜቴ ተንቀጠቀጠች፣ አሳላት፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ጢስ ወደ ሰማይ ተፋችና ተነሳች። ሰዉ አጨበጨበ። ሹፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እትዬ፣ ጡሩምባውን እርስዎ ይንፉት» አለ። አዋላጇም ነፋችው፤ ያውም ሦስት ጊዜ። ሶፋ አልባሹ ከታች ሆኖ በቅናት ሊፈነዳ ምንም አልቀረው።

ጥርስ ሐኪሙና አስተማሪው ባቡሯ ስታልፍ ኩርባው ላይ ለመድረስ ቁልቁለቱን እየሮጡ ወርደዋል። ሶፋ አልባሹ ሊከተላቸው አንድ እግሩን አነሳ፤ ናፍጣ የጠጣው ሱሪ ጭኑ ላይ ተጣብቋል። ሚስቱ ወደ ፉርጎዋ ተመልሳ በመስኮት ብቅ አለች።

«መቀመጫህ ይኸው» አለችው። «ልጅህ የገዛችልህ። ጋዜጣ አንጥፌልሃለሁ፣ እንዳታበላሸው።»

ዙሪያውን አየ። ማንም የሚያውቀው ሰው የለም። ወጣ።

ተቀመጠ። ወዲያውም «ወይኔ!» ብሎ ዘለለ። መቀመጫው ውስጥ የተሰበረ ሞላ አለ፤ ጫፉ ጨርቁን በስቶ፣ ጋዜጣውን በስቶ፣ የሱን ሱሪ አግኝቷል። ሶፋ አልባሹ ሕመሙን ረሳ። ተንበረከከ፣ ጨርቁን ገለጥ አደረገ፣ ከዚያም ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ ከተተ። ውስጡ ገለባ አለ። የድሮ ጋዜጣ አለ። አንድ ካልሲ አለ። ስፖንጁ እንደ አሮጌ ኬክ ይፈረፈራል።

«ይሄን የሠራው ሰው መታሰር አለበት» የሚል የታፈነ ድምፅ ከወንበሩ ውስጥ ወጣ። «አንቺ፣ እነዚህ ሰዎች በዚህ ላይ ነው ሠላሳ ዓመት የሚቀመጡት?»

«ቆመህ ስታይ አልታየህም ነበር?»

እሱ በዚህ ላይ እያለ ባቡሯ ድልድዩን አለፈች። ጥርስ ሐኪሙ ያኔ ያነሳው ፎቶ እስከ ዛሬ ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ በሽተኞቹ አፋቸውን ከፍተው የሚያዩት እሱን ነው። አረንጓዴዋ እሜቴ፣ ጢሷ፣ የድንጋዩ ድልድይ፣ ሁሉም ያምራል። በመጀመሪያው ፉርጎ መስኮት ደግሞ ጥርት ብሎ የሚታየው የሶፋ አልባሹ መቀመጫ ነው፤ ወንበሩን ማለቴ አይደለም።

ከድልድዩ በኋላ መንገዱ ወደ ሐይቁ ይዞራል። ሚስቱ ክንዱን ጎተተችው። «ተው አሁን፣ ተነስና እይ።»

ራሱን በመስኮት አወጣ። ኩርባው ሰፊ ስለነበር እሜቴ ከፊቱ ሙሉ በሙሉ ታየች፤ ጎኗ፣ አፍንጫዋ፣ ከአፍንጫዋ ወዲያ ደግሞ ውሃው። ከውጭ ሲያያት ሁልጊዜ እየመጣች ነው ወይም እየሄደች ነው፤ ግፋ ቢል አሥር ሰከንድ። አሁን ግን አትሄድበትም። ድምፁም በጆሮው አልመጣም፤ በወለሉ፣ በእግሩ፣ በጥርሱ በኩል ነው የመጣው። ለሚስቱ አንድ ነገር ሊላት ፈለገ። ወደ እሷ ዞረ።

«ምን?» አለችው።

«ምንም። ትንሽ ጠጋ በይ።»

ጠጋ አለች። ናፍጣ ትሸታለህ አለችና ትከሻው ላይ ራሷን ጥላ ተኛች። ኪሱ ውስጥ ያለውን መቅጃ ያን ጊዜ ከፈተው። በኋላ ቤት ሲሰማው ስድስት ደቂቃ ሞተር፣ አርባ ደቂቃ ማንኮራፋት ሆኖ ተገኘ። አላጠፋውም። ወርክሾፑ ውስጥም አይከፍተውም።

በሳምንቱ ማኅበሩ ቢሮ ሄዶ ጠረጴዛ መታ። ስለ ሞተሩ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ስለ ወንበሮቹ ግን ሰዎቹ ጆሯቸውን እስኪይዙ ድረስ ተናገረ። «እንግዲያው ራስህ ሥራቸው» አሉት። ሠራቸው። አምስት ወር ፈጀ፤ የደንበኞቹ ሶፋ ሁሉ ቆዳው ተገፎ እንደቆመ ቀረ። ጥርስ ሐኪሙና አስተማሪው «ጆንያ ሆነሃል» ብለው ሁለት ወር አኮረፉት። በሦስተኛው ወር አስተማሪው ሞላ ቆጥሬ ልመዝግብልህ እያለ ወርክሾፑ ይመጣ ጀመር።

አዋላጇም ሹመት አግኝታለች። እሜቴ ከጣቢያ ከመነሳቷ በፊት አዋላጇ ረጅም ብረት ይዛ ትመጣለች፤ ጋኑ ውስጥ ትሰዳለች፣ ታያለች፣ «ትሂድ» ትላለች። ሹፌሩ እሷ ሳትል አይንቀሳቀስም። ጌጁ ዛሬም ግማሽ ነው፤ ለጌጥ ትተውታል።

ሶፋ አልባሹ አሁን በሄደች ቁጥር ይሳፈራል። መቀመጥስ የት አለና! ከፊት ፉርጎ እስከ ኋላ ፉርጎ እየዞረ የሠራውን ይመረምራል። እናቶችን ያስነሳል፣ ሙሽሮችን ያላቅቃል፣ ስፖንጁን በጡጫ ይደልቃል፣ ስፌቱን በጥፍሩ ይፍቃል። ባለፈው ጊዜ አንድ ትልቅ ሰውዬ እንቅልፍ ወስዶት አገኘውና ትከሻውን ነካ ነካ አደረገው።

«ጌታዬ፣ ለአፍታ ይነሱልኝ። ከሥርዎ ያለውን ልየው።»

ሰውዬው ዓይኑን አልገለጠም።

«ከሥሬ ያለው የራሴ ነው» አለው።

ሶፋ አልባሹ ትንሽ አሰበና ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈ።